ከአሸንጌ እስከ ፔሊንዳባ፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እና አፍሪካን ከኑክሌር ጦር መሣሪያ ነፃ የማድረግ ሐሳብ

መግቢያ

ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚያመራው አውራ ጎዳና ዋጃን አቋርጦ ያልፋል። መንገደኛው በስተምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በስተምዕራብ ደግሞ የራያን ሜዳ እንደ ግንብ ያጠረውን ደጋ እያየ ይጓዛል። አላማጣ ደርሶ የግራካሱን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ሰው ኮረምን ያገኛል፤ ከኮረም ጥቂት አለፍ ብሎም የአሸንጌ ሐይቅ ይታያል። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚህ ደጋ ላይ ሠራዊታቸው በዓለም አቀፍ ውል በተከለከለ የመርዝ ጋዝ ሲቃጠል በዓይናቸው አዩ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ኢትዮጵያና ሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገሮች ባቀረቡት ረቂቅ መሠረት፣ የኑክሌር መሣሪያን በጦርነት መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር መጣስና በሰው ልጅ ላይ ወንጀል መፈጸም መሆኑን ዐወጀ። በዚያው ዕለት ባሳለፈው ሌላ ውሳኔም የአፍሪካ አህጉር ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጣና ሆኖ እንዲከበር ጠየቀ።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የንጉሠ ነገሥቱን ሙሉ የሕይወት ታሪክ መተረክ አይደለም። ስለ እርሳቸው ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። የጽሑፉ አቅራቢ የዋጃ ተወላጅ እንደመሆኑ፣ በትውልድ አካባቢው አናት ላይ የሆነው ነገር ከዓለም አቀፉ የኑክሌር ትጥቅ ማስፈታት ታሪክ ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ለማየት ሞክሯል። ጽሑፉ የሚመራውም በአንድ ጥያቄ ነው፤ በዓለም አቀፍ ውል ተማምኖ የተከዳ መሪ ስለምን ተመልሶ ውልን መጠጊያ አደረገ? ለጥያቄው መልስ ለማግኘት የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት ከጦር መሣሪያ ቁጥጥር አንጻር፣ ከልጅነት እስከ ዕረፍት፣ ቀጥሎም ከዕረፍታቸው በኋላ ሐሳቡ እስከደረሰበት ድረስ መከተል ያስፈልጋል።

በሌሎች የተከለለ አህጉር

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። አባታቸው ልዑል ራስ መኮንን የዐፄ ምኒልክ የቅርብ ዘመድ፣ የሐረር ገዥና የውጭ ጉዳይ ዐዋቂ ነበሩ። ልጃቸው ከአገር ውስጥ መምህራን ግዕዝንና አማርኛን፣ ከውጭ መምህራን ፈረንሳይኛን እንዲማሩ አድርገዋል። ተፈሪ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ አባታቸው በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1902 ዓ.ም. የሐረር ገዥነት ተሰጣቸው፤ በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ።

እኒህ ወጣት መሪ ያደጉበት ዘመን አፍሪካ በጦር መሣሪያ ረገድ በሌሎች እጅ የተከለለችበት ዘመን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከመወለዳቸው ሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ የተፈረመው ስምምነት ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ20ኛው፣ በስተደቡብ እስከ 22ኛው የኬክሮስ መስመር ባለው የአፍሪካ ምድር ጠመንጃና ጥይት እንዳይገባ ይከለክል ነበር። ለስምምነቱ የተሰጠው ምክንያት የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነው። በተግባር ግን አህጉሩን በመሣሪያ ኃይል ይይዙ የነበሩት መንግሥታት ራሳቸው ናቸው የሌላውን መሣሪያ የወሰኑት። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 በሴን ዠርማን የተፈረመው ስምምነትም ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በራስ ተፈሪ መሪነት የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከተጠየቀቻቸው ግዴታዎች አንዱ ይህንን የጦር መሣሪያ አገባብ ሥርዐት መቀበል ነበር። ሁለተኛው የባርነት ጉዳይ ነው። ራስ ተፈሪ ግዴታዎቹን ተቀብለው አገራቸውን ወደ ማኅበሩ አስገቡ። ስሌታቸው ግልጽ ነበር፤ ጠንካራ ጎረቤቶች ባሉበት ደካማ አገር የጋራ ሕግ ከሌላት ምንም የላትም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም.፣ በጄኔቭ መርዛማና አስፊክሲ ጋዞችን በጦርነት መጠቀምን የሚከለክል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ጣልያን በ1920 ዓ.ም. አጸደቀችው፤ ኢትዮጵያም ጦርነቱ በተቃረበበት እ.ኤ.አ. በ1935 ተቀላቀለችው። ራስ ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫኑ።

ኮረምና አሸንጌ

የወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ ጣልያን ለወረራ ስትዘጋጅ ብሪታንያና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ክልከላው በቃል ለሁለቱም እኩል ነበር። ጣልያን ግን መሣሪያዋን በገዛ ፋብሪካዎቿ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ከውጭ ካልገዛች የምታገኝበት መንገድ የላትም። ስለዚህ ክልከላው የመታው አንዱን ብቻ ነው። ይህ ልምድ በኋለኛው የንጉሠ ነገሥቱ አቋም ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ ትጥቅ መፍታት የሁሉም ግዴታ ካልሆነ ለደካማው ወጥመድ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ በተከዜ ግንባር፣ ቀጥሎም በሌሎች ግንባሮች የሰናፍጭ ጋዝ በቦምብ ተጣለ፤ ኋላም ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ተረጨ። ጋዙ የሚያቃጥለው ወታደሩን ብቻ አልነበረም። ከብቱን፣ ሣሩን፣ ምንጩንና ወንዙን መረዘ፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ መሬቱን በመርገጡ ብቻ ይቆስል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. በኮረም አካባቢ የሰፈረው የብሪታንያ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ምልክቱ እየታየ በአውሮፕላን ተደበደበ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከደሴ ተነሥተው ወደ ኮረም ወጡ፤ በዚያም የመጨረሻውን ትልቅ ውጊያ አዘጋጁ። መጋቢት 22 ቀን የክቡር ዘበኛ ጦር ያለበት ሠራዊት በማይጨው የጣልያንን ምሽግ አጠቃ። ቀኑን ሙሉ ሲዋጋ ውሎ ምሽጉን መስበር አልቻለም። ከዚያም ማፈግፈግ መጣ። መጋቢት 26 ቀን በአሸንጌ ዳርቻ በገላጣው ሜዳ የሚያፈገፍገው ሠራዊት ከአውሮፕላን በቦምብና በጋዝ ተመታ። ብዙ ሰው የሞተው በማይጨው ውጊያ ሳይሆን በዚህ መንገድ ላይ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለራያ ሰው አስቸጋሪ የሆነ ምዕራፍ አለ፤ መሸፈንም አይገባውም። ከተራራው የወረዱ የአካባቢው ታጣቂዎች የሚያፈገፍገውን ሠራዊት አጥቅተዋል። የጣልያን ገንዘብና ጠመንጃ በዚህ ውስጥ ድርሻ ነበረው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በማዕከላዊው መንግሥትና በራያ ሕዝብ መካከል በዘመቻ ላይ ዘመቻ የተከማቸው ቂምም እንዲሁ። የመርዙን ዝናብ የዘነበው ባዕድ ነው፤ ነገር ግን የገዛ ሕዝቡ ልብ የሸሸው መንግሥት ከሰማይም ከምድርም ተጋላጭ እንደሚሆን ያ ሳምንት አሳይቷል።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ላሊበላ ወርደው ሱባዔ ያዙ፤ ከዚያም አዲስ አበባ ገቡ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው ብሪታንያ ደረሱ።

የጄኔቭ ሸንጎ

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ገና ከመጀመራቸው በጋዜጠኞች ወንበር የተቀመጡ ጣልያናውያን በፉጨትና በጩኸት ሊያውኳቸው ሞከሩ፤ ከአዳራሹም ተባረሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በአማርኛ ተናገሩ። የንግግራቸው ትልቅ ክፍል ስለ ጋዙ ነበር። አውሮፕላኖቹ በረድፍ ተሰልፈው እንዴት እንደረጩ፣ መርዙ በሰውና በከብት ላይ ምን እንዳደረሰ ከማይጨው ዘመቻ የተመለሰ ሰው እንደሚናገረው አድርገው ዘረዘሩ።

የንግግሩ ሕጋዊ ይዘት ግን ከዚህ ይሰፋል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ሕግ አልጠየቁም፤ ሕጉ ነበረ። ጋዝን የሚከለክለው ፕሮቶኮል ነበረ፤ አባል አገር ሲወረር ሌሎች እንዲደርሱለት የሚያዘው የማኅበሩ ቃል ኪዳንም ነበረ። የጎደለው የፈረመ ሁሉ ፊርማውን እንዲያከብር የሚያስገድድ ዋስትና ነው። በጣልያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልጨመረም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ከንግግሩ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በሐምሌ ወር፣ ያ ደካማ ማዕቀብ ራሱ ተነሣ። በዚህ ረገድ ጄኔቭ ለንጉሠ ነገሥቱ ሽንፈት ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ተከለከለ መሣሪያ ሲናገሩ ዓለም የሚያደምጣቸው በዚያ ሽንፈት ምክንያት ሆነ።

ስደት፣ ድልና አንድ ጥላ

ንጉሠ ነገሥቱ በብሪታንያ ባዝ ከተማ የስደት ዓመታት አሳለፉ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወደ አገራቸው ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1945 ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መሥራቾች አንዷ ሆነች። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 30 እና ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶም ቦምብ ጠፉ። ከጋዝ እጅግ የሚበልጥ መሣሪያ መጣ፤ እርሱን የሚከለክል ግን አንድም ፕሮቶኮል አልነበረም።

የታሪክ ጸሐፊ ግን በዚህ መካከል የተፈጸመ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይችልም። በ1935 ዓ.ም. በትግራይና በራያ አካባቢ ቀዳማይ ወያነ በመባል የሚታወቀው ዐመፅ ተነሣ። መንግሥቱ ዐመፁን ለመግታት የብሪታንያን እርዳታ ጠየቀ፤ በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከኤደን የተነሡ የብሪታንያ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ጋዝ አልተጣለም። ይሁን እንጂ ከሰማይ የሚመጣ ሞትን በጄኔቭ የከሰሱ ንጉሥ ስምንት ዓመት ሳይሞላ የባዕድ አውሮፕላን በገዛ አገራቸው ከተማ ላይ ጠርተዋል። የንጉሠ ነገሥቱን የትጥቅ ማስፈታት ጥረት ስንመዝን ይህም ከሚዛኑ መውጣት የለበትም።

የሰሃራ ፍንዳታና የኅዳር 15 ውሳኔዎች

የካቲት 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ፈረንሳይ በአልጄሪያ ሰሃራ ሬጋን በተባለ ስፍራ የመጀመሪያዋን የአቶም ቦምብ አፈነዳች። የፍንዳታው ኃይል በሂሮሺማ ከወደቀው በአራት እጥፍ ይበልጥ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከሦስት ወር በፊት ፈረንሳይ ከሙከራው እንድትታቀብ ጠይቆ ነበር፤ አልሰማችም። ሦስተኛው ሙከራ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ ናይጄሪያ ከፈረንሳይ ጋር የነበራትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አቋረጠች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ድረስ በአልጄሪያ ምድር ላይና ከምድር በታች በድምሩ 17 ሙከራዎችን አካሄደች።

ለአፍሪካውያን ነገሩ ከብራስልሱ ስምምነት ጋር ሲነጻጸር መራራ ነበር። በ1890 የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪካውያን ጠመንጃ እንዳይዙ አህጉሩን ከልለው ነበር፤ አሁን ደግሞ የራሳቸውን ትልቁን መሣሪያ በዚያው አህጉር ይፈትኑ ጀመር። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የጸደቁት ሁለት ውሳኔዎች ይህንን ለመገልበጥ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ውሳኔ ቁጥር 1652፣ መንግሥታት ሁሉ በአፍሪካ የኑክሌር ሙከራ እንዳያደርጉ፣ የአህጉሩን መሬት፣ የባሕር ወሰንና አየር የኑክሌር መሣሪያ ለመሞከር፣ ለማስቀመጥ ወይም ለማጓጓዝ እንዳይጠቀሙ፣ አፍሪካንም ከኑክሌር ነፃ ቀጣና አድርገው እንዲያከብሩ ጠየቀ። በ55 ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በ44 ድምፀ ተዓቅቦ አለፈ። ሁለተኛው፣ ውሳኔ ቁጥር 1653፣ የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም ከዓለም አቀፍ ሕግ ጋር የሚቃረን መሆኑን ዐወጀ፤ መሣሪያውን የሚከለክል ስምምነት የሚፈረምበት ጉባኤ ስለመጥራት የአባል አገሮች አስተያየት እንዲጠየቅም አዘዘ። ይህ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ከተቃወሙት መካከል ነበሩ፤ ሶቪየት ኅብረት ደገፈች።

በውሳኔ 1653 መግቢያ ላይ የቀረበው ክርክር ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ቁልፍ ነው። መግቢያው ከእ.ኤ.አ. 1868 የሴንት ፒተርስበርግ መግለጫ ጀምሮ የሔግ ስምምነቶችን ዐልፎ እስከ 1925ቱ የጄኔቭ ፕሮቶኮል ድረስ ያሉትን ክልከላዎች ይጠቅሳል። አላስፈላጊ ሥቃይ የሚያደርስ መሣሪያ ከተከለከለ፣ ከእርሱ የሚብስ መሣሪያ ሊፈቀድ አይገባም የሚል ነው አመክንዮው። በአሸንጌ የተጣሰው ፕሮቶኮል በጥሰቱ ምክንያት አልተጣለም፤ ለአዲሱ ክልከላ መሠረት ሆኖ ተመለሰ። ይህንን ክርክር ከኢትዮጵያ የበለጠ የማቅረብ መብት የነበረው አገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

አዲስ አበባ፣ ኒው ዮርክ፣ ካይሮ

ውሳኔ በራሱ አይገድድም። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ አፍሪካውያን ራሳቸው በራሳቸው ላይ ግዴታ እንዲጥሉ ማድረግ ነበር። መጋቢት 5 ቀን 1954 ዓ.ም. በጄኔቭ የአሥራ ስምንቱ አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴ ሥራውን ሲጀምር ኢትዮጵያ ከስምንቱ ገለልተኛ አባላት አንዷ ነበረች፤ ከአፍሪካ የተቀመጡት ሌሎች ናይጄሪያና የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ብቻ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ተበድለው በተናገሩበት ከተማ መንግሥታቸው አሁን ኃያላኑን በሚያደራድረው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መሪዎቹ ካሳለፏቸው ውሳኔዎች አንዱ ስለ ጠቅላላ ትጥቅ ማስፈታት ነበር። አፍሪካን ከኑክሌር ነፃ ቀጣና የማድረግን መርሕ አጸደቀ፤ የኑክሌር ሙከራንና የመሣሪያውን ምርት ተቃወመ፤ የኑክሌር ኃይልን ለሰላማዊ ጥቅም ማዋልን ደገፈ፤ የውጭ ጦር ሰፈሮች ከአህጉሩ እንዲነሡም ጠየቀ።

መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተናገሩ። የዚያን ዓመት የተፈረመውን በከባቢ አየር የኑክሌር ሙከራን የሚከለክል ስምምነት ደገፉ፤ ከፊል እርምጃ ብቻ መሆኑንም አልሸሸጉም። ኢትዮጵያ ትጥቅ ማስፈታትን የምትደግፈው መሣሪያ ሲጠፋ ሰላም በራሱ ይመጣል ከሚል የዋህነት እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የሰው ልጅ በእጁ የያዘው የማጥፋት ኃይል ከልክ ስላለፈ እንደሆነ አስረዱ። የጄኔቭን ትምህርት ያልረሳ ሰው አነጋገር ነው።

በሐምሌ ወር 1956 ዓ.ም. በካይሮ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች አህጉሩን ከኑክሌር ነፃ የማድረግ መግለጫ አወጡ። የኑክሌር መሣሪያ እንዳይሠሩና እንዳይቆጣጠሩ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለመታሰር ዝግጁ መሆናቸውን ዐወጁ፤ ሌሎች መንግሥታትም ይህንኑ እንዲያከብሩ ጠየቁ። ጠቅላላ ጉባኤው ኅዳር 24 ቀን 1958 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 2033 መግለጫውን ተቀበለ። ከሦስት ዓመት በኋላ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት ለፊርማ ሲቀርብ ኢትዮጵያ ፈረመች፤ በ1962 ዓ.ም. አጸደቀችው።

ይህ አካሄድ ከብራስልሱ ክልከላ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ክልሉን የሚያበጁት በውስጡ የሚኖሩት ናቸው። ሁለተኛ፣ ግዴታው ባለ መሣሪያዎቹንም ይጨምራል፤ በቀጣናው መሣሪያ እንዳያስቀምጡ፣ እንዳይሞክሩ፣ በአባላቱም ላይ እንዳያነጣጥሩ ይጠይቃል። ከመክፈቻው ለተነሣው ጥያቄ መልሱ እዚህ የሚገኝ ይመስላል። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውል የተመለሱት ውል ብቻውን እንደማያድን ስላላወቁ አይደለም። ውል ደካማውን ብቻ ሲያስር ምን እንደሚሆን ስላዩ፣ ጠንካራውንም የሚያስር ውል ፈለጉ።

የንግሥናው ምሽት

የአቋሙ ጥራት ግን በአገር ውስጥ አልተሟላም። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተደረገ ስምምነት በአሥመራ የቃኘው የመገናኛ ጣቢያ ለአሜሪካ ጦር ተሰጥቶ ነበር፤ በምላሹ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ታገኝ ነበር። ጣቢያው የኑክሌር መሣሪያ ማከማቻ ባይሆንም የአንዱ ኃያል መንግሥት ወታደራዊ መረብ አካል ነበር። የውጭ ጦር ሰፈር ይነሣ የሚለው ውሳኔ በጸደቀባት አገር ይህ ጣቢያ ሥራውን ቀጠለ።

ከዚህ የሚከብደው የወሎ ረሃብ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ የራያንና የቆቦን ቆላ ጨምሮ ወሎን መታ። የማሽላው ማሳ ደረቀ፤ ሰው ከብቱን ሸጦ ሲጨርስ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ። መንግሥት ነገሩን ለወራት ሸሸገ። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር 1966 ዓ.ም. ወሎን ጎበኙ፤ ዘግይተው ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን የረሃቡ ፊልም ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ሕይወታቸው ዐለፈ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ።

ለራያ ቆላ ሰው ይህ ሕይወት ሁለት ጊዜ ይነካዋል። አንድ ጊዜ በደጋው ላይ በዘነበው መርዝ፣ ሌላ ጊዜ በሜዳው ላይ ሳይዘንብ በቀረው ዝናብ። ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያውን ለዓለም ተናገሩ፤ ሁለተኛውን ሳይናገሩት ቀሩ።

ፔሊንዳባ

ከካይሮው መግለጫ እስከ ሕጋዊ ስምምነት ድረስ ሠላሳ ዓመት ዐለፈ። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የላቲን አሜሪካ አገሮች የትላቴሎልኮን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲፈርሙ አፍሪካ መጠበቅ ነበረባት፤ በመካከሏ በምሥጢር ቦምብ የሚሠራ መንግሥት ይዛ ቀጣና ልትሆን አትችልም ነበርና። በመጋቢት 1985 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ አገራቸው ስድስት ቦምቦችን ሠርታ እንደነበርና እንዳወደመቻቸው ገለጡ። መንገዱ ተከፈተ።

የስምምነቱ ጽሑፍ በ1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመሪዎች ጉባኤ ጸደቀ፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1988 ዓ.ም. በካይሮ ለፊርማ ቀረበ። ኢትዮጵያ በዚያው ዕለት ፈረመች፤ በ2000 ዓ.ም. አጸደቀች። 28ኛዋ አጽዳቂ ብሩንዲ ሆና ስምምነቱ ሐምሌ 8 ቀን 2001 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ስሙን ያገኘው የደቡብ አፍሪካ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ከሚገኝበት ከፔሊንዳባ ነው። ስምምነቱ የኑክሌር መሣሪያን መመራመር፣ መሥራት፣ መያዝ፣ ማስቀመጥና መሞከርን ይከለክላል፤ የራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ መጣልን ያግዳል፤ የሰላማዊ ኑክሌር ሥራዎችን በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቁጥጥር ሥር ያደርጋል። አፈጻጸሙንም መቀመጫውን በፕሪቶሪያ ያደረገው የአፍሪካ የኑክሌር ኃይል ኮሚሽን ይከታተላል።

ባለ መሣሪያዎቹን የሚመለከቱት ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ናቸው። የመጀመሪያው በቀጣናው አባላት ላይ መሣሪያውን ላለመጠቀምና ላለማስፈራራት፣ ሁለተኛው በቀጣናው ላለመሞከር ያስራል። ቻይና፣ ፈረንሳይ፣ ብሪታንያና ሩሲያ አጽድቀዋቸዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችም። በሰሃራ የሞከረችው ፈረንሳይ አፍሪካን የሙከራ ሜዳ ላለማድረግ በሕግ መታሰሯ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የአንድ ኃያል መንግሥት ፊርማ ሳይጸድቅ መቆየቱም የጄኔቭን ጥያቄ እንደገና ያነሣል። ውሳኔ 1653ን በተመለከተ፣ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 በሰጠው የምክር አስተያየት ጠቅሶታል፤ ተቃውሞና ድምፀ ተዓቅቦ የበዛበት በመሆኑ ግን እርሱና ተከታዮቹ ውሳኔዎች ብቻቸውን አስገዳጅ ልማዳዊ ሕግ አልፈጠሩም ብሏል።

ማጠቃለያ

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት በጦር መሣሪያ ቁጥጥር ዓይን ሲታይ ሦስት ዓይነት ክልከላዎችን ያሳያል። የመጀመሪያው በብራስልስና በሴን ዠርማን እንደታየው ኃያላን በሌላው ላይ የጣሉት ነው፤ አፍሪካን ያለ መከላከያ አስቀረ። ሁለተኛው ሁሉም የፈረመው፣ ነገር ግን ዋስትና ያልነበረው የ1925ቱ ፕሮቶኮል ነው፤ በአሸንጌ ዳርቻ ፈረሰ። ሦስተኛው በባለቤቶቹ የተጠነሰሰው፣ ባለ መሣሪያውን በፕሮቶኮል፣ ባለ ቀጣናውን በቁጥጥር የሚያስረው የፔሊንዳባ ሥርዐት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያውን ተቀብለው፣ በሁለተኛው ተከድተው፣ ሦስተኛውን ከጠነሰሱት አንዱ ሆኑ፤ ሲፈጸም ግን አላዩትም።

ሰውየው እንከን የለሽ አልነበሩም፤ መቀሌ፣ ቃኘውና የወሎ ረሃብ ምስክር ናቸው። ይህ ግን የሐሳቡን ዋጋ አያሳንሰውም፤ የሚፈለግበትን ያበዛዋል እንጂ። ሕዝብን ከመርዝ የሚጠብቅ ውል እንደሚያስፈልግ ሁሉ ከረሃብና ከገዛ መንግሥቱ ቦምብ የሚጠብቀው ሥርዐትም ያስፈልጋል። ከዋጃ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ኮረም ደጋ ለሚመለከት ተማሪ የኑክሌር ትጥቅ ማስፈታት የሩቅ አገር ጉዳይ መስሎ ሊታየው አይገባም። ለዓለም ከቀረቡት የክልከላ ክርክሮች አንዱ መነሻውን ያገኘው እዚያ ላይ ነው፤ ያልተጠናቀቀው የዋስትና ጥያቄም ገና አልተዘጋም።